ሾባካንት የቆረጠው ድምፅ

ስለ ጎረቤቴ ስለ ሾባካንት የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ሁሉ የሞኝ ሥራ የሚመስለው ሰው ነው ብዬ እጀምራለሁ። የእኔን የልብስ ስፌት ሱቅ ከእሱ የሞባይል ሱቅ የምትለየው አንዲት ስስ ጣውላ ናት። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ ይማርህ እለዋለሁ፤ የእኔ የስፌት መኪና ስትንጫጫ እሱ ከወዲያ «ማስተር! ዘይት አጠጣት እንጂ፣ ምነው ጨከንክባት!» ይለኛል። በእኛ በኩል ልብስ ሰፊ ሁሉ ማስተር ነው የሚባለው፤ የተማርኩት ነገር ኖሮ አይደለም።

ሁለታችንም ያለነው ከባቡሩ መሻገሪያ አጠገብ ነው። ባቡር ሊያልፍ ሲል አግዳሚው ይወርድና ከማዱባኒ ከተማ የሚመጣው መኪናና ሞተር ሳይክል ተደርድሮ ይቆማል። ያን ጊዜ ገበያው ይደራልናል። አንዱ ቁልፍ ሊያስተክል ወደ እኔ ይመጣል፣ አንዱ ሜሞሪውን በዘፈን ሊያስሞላ ወደ ሾባካንት ይሄዳል።

አባቱ በየሰርጉ እየዞሩ ወጥ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ጢስ አልወድም ብሎ ገና ጢሙ ሳይወጣ ዴልሂ ገባ። ስልክ በሚጠገንበት ገበያ የሰው እጅ እያየ ሥራውን ለቀመና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተመለሰ። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የተገዛ ነገር የለም። ፕሮግራሙም፣ ፊልሙም፣ ዘፈኑም ከሰው የተገለበጠ ነው። እሱ ግን በነፃ ያገኘውን ለሌላው ሲሸጥ ዓይኑን አያሽም።

ዋናው እንጀራው ሪንግቶን፣ የስልክ መጥሪያ ዘፈን መቁረጥ፣ ነበር። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ኢንተርኔት ላይ እኮ በነፃ አለ» ያለው እንደሆነ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይስቃል።

«በነፃ ያለችውማ ‹ክቡር እገሌ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው› የምትለዋ ሴትዮ ናት። ስምህን ስትጠራው የታመመች ፍየል ነው የምትመስለው። እጮኛህ አጠገብ ስልክህ እንደዚያ ይጩህ?»

«የስልክ ኩባንያው ጥሩ ጥሩ ዘፈን አለው እኮ።»

«አዎ፣ በየወሩ ሒሳብህን እየጎረደ። እኔ አንዴ እቆርጥልሃለሁ፣ እስክትሞት ያንተ ነው። ወዲህ በል ስልኩን!»

ከእሱ ሱቅ የወጣ ጎረምሳ ሁሉ ታዲያ ስልኩ ሲጠራ በሾባካንት ምርጫ ነበር የሚጠራው። ዘፈን ሲቆርጥ ጥሩው ቦታ የት እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን አልክድበትም። ጆሮ አለው።

መቁረጫው ፕሮግራም ግን አንድ ጉድ ነበረበት። ያልተከፈለበት ስለሆነ፣ የተቆረጠችውን ቁራጭ በሌላ ስም አላስቀምጥም ይላል። ማስቀመጥ ከፈለግህ በዋናው ዘፈን ላይ ደርቦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ዋናው ይጠፋል፣ ቁራጩ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከዳርባንጋ ከተማ የመጣ ሻጭ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሊሸጥለት ሲለምነው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ይህኛው ዋናውን አይነካውም» አለው ሰውየው። ሾባካንት ምን አለ መሰላችሁ? «እኔም አልነካውም! መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሬ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ግልባጩን እቆርጠዋለሁ። ጭንቅላት አለኝ። ለጭንቅላቴ ልክፈልህ እንዴ?» ሻጩ ሻንጣውን ዘግቶ ሄደ፤ እኛም ስንስቅ ዋልን።

አሁን ወደ ባድሪ ካካ ልምጣ። ባድሪ ካካ ከገበያው በስተጀርባ ባለው መንደር ዓሣ የሚያረቡበት ኩሬ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለሁላችንም እንደ አጎት ስለሆኑ ካካ እንላቸዋለን። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ቢባ ናት፤ ሱራት ከተማ በጨርቅ ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ዳሯት። ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣ ዕለት የመንደሩ ሴቶች የስንብቱን ዘፈን ሲዘፍኑ መሪዋ እናትየዋ ሱናይና ነበረች። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትሸኝ ያ ዘፈን ሳይዘፈን አትወጣም፤ ሱናይና ከመራችው ደግሞ የሙሽራው ወገን ሳይቀር ነው የሚያለቅሰው። የቢባ የአክስት ልጅ የባድሪ ካካን ስልክ ተቀብሎ አጠገቧ ቆሞ ቀዳው።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲብስ ሱናይና በሳንባ ምች ሞተች። ቢባ ከሱራት በባቡር እስክትደርስ እናቷ እንደ ወጋችን ተቃጥላ አመዷ ወንዝ ገብቶ ነበር። የሱናይና ድምፅ ያለው እንግዲህ በዚያች ሜሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ነው። አባትም ልጅም ከፍተው ሊሰሙት አልደፈሩም።

አንድ ቀን ባድሪ ካካ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሾባካንት ሱቅ መጡ።

«ልጅቷ ናት የላከችኝ» አሉ። «እኔ ስደውልላት የእናቷ ድምፅ እንዲጠራት ትፈልጋለች። ከዘፈኑ አንድ ጥሩ ቦታ ቆርጠህ ላክላት።»

«ካካ፣ የልቅሶ ዘፈን ለስልክ? ሰው የሚደንስበትን ነው እኮ የሚጠይቀኝ!»

«አንተ ልጅ፣ አፍህ ድሮም ልክ የለው። እናቷ ናት።»

«አጠፋሁ፣ ካካ። ቁጭ ይበሉ፣ አሁኑኑ እሠራዋለሁ።»

«አልቀመጥም። እኔ በሌለሁበት ክፈተው፤ ድምፅዋን ከሰማሁ እዚሁ ነው የምወድቀው። ነገ እመለሳለሁ።» ካርዷን አውጥተው ሰጡት፤ ሂሳብ ሲጠይቁት «ከእርስዎ አልቀበልም» አላቸው። ስስታም ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

እንደሄዱ ኢርፎኑን ሰክቶ ቀረጻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማው። የሙሽራው ሾፌር ጥሩምባውን እየነፋ አበላሽቶት ኖሮ፣ ጥሩምባ የሌለበትን ቦታ ነበር የሚፈልገው። «ይህ አህያ ሾፌር!» እያለ ሲራገም በጣውላው በኩል ይሰማኛል። ቦታውን ሲያገኝ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የምታቆየው ባትሪ ጢ ጢ ማለት ጀመረች። ወትሮ የሚያደርገው ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በፊልም ጢም ብሎ ስለሞላ አንድ ፊልም ሳያጠፋ ቦታ አይገኝም። ባትሪዋ ትጮሃለች። ታዲያ ምን አደረገ? እዚያው ካርዱ ላይ እያለ ቆረጠውና አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ።

ሾባካንት ዝም ሲል ያስታውቃል። መብራቱ ሲመለስ ድምፁ ስለጠፋብኝ አንገቴን አስግጌ አየሁት። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ማያው ላይ ፈጥጧል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ሙቀቱ ነው።»

ሙቀት አልነበረም፤ ዝናብ ነበር። እኔም ትርፍ ነገር አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ባድሪ ካካ መጡ። ቁራጯ ሱራት ደርሳ ኖሮ ቢባ ራሷ ለሾባካንት ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማኋት። «ሾባ ብሃያ፣ ወንድሜ፣ አባባ ሲደውልልኝ እኮ... እግዜር ዕድሜህን ያርዝመው፣ ሌላ ምን እልሃለሁ» ብላ ለቅሶው ቀደማት። ትንሽ ቆይታ «መጨረሻ ላይ እማዬ ዘፈኑን አቁማ የሆነ ነገር ትናገራለች አይደል?» አለችው። «ያ የአክስቴ ልጅ ነው የነገረኝ። ምን እንዳለች ግን አላስታውስም አለኝ፤ መኪናውን እያየሁ ነበር አለ፣ ደደብ! እኔ መኪና ውስጥ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ለፀሐይ በዓል ስመጣ ከአባባ ጋር ቁጭ ብለን ሙሉውን እንሰማዋለን። እስከዚያ ማንም ምን እንዳለች እንዳይነግረኝ፤ ከራሷ አፍ ነው የምፈልገው።»

ስልኩን ሲዘጋ ባድሪ ካካ መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳርፈው መረቁት። «ሙሉው ካርዱ ላይ አለ አይደል?» ብለው ጠየቁት።

«አለ» አላቸው።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ከኩሬያቸው ትልቅ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው አመጡለት። ሾባካንት ዓሣውን እንደ እባብ ነበር ያየው። «ካካ፣ ምን አስቸገረዎት» አለ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ከዚያ የሚያደርገውን ሲያጣ «ካርዷን ይስጡኝ እስቲ፣ ማታ ማታ የሚሰሙት መዝሙር ልሙላልዎት። በነፃ ነው፣ በነፃ!» አላቸው። ያለውን መዝሙር ሁሉ ካርዷ አልቀበልም እስክትል ድረስ ሞላላቸው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ዓሣውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሚስቴ በሰናፍጭ ሠራችው፣ ጣቴን እየላስኩ በላሁት።

ሾባካንት ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም። ጎረምሶቹ ሲመጡ የሚሉትን ይሠራላቸዋል፤ ክርክር የለ፣ ቀልድ የለ። በነፃ አገኛለሁ ለሚለው «አዎ፣ እዚያ ይሻልሃል» ይለው ጀመር። ባድሪ ካካ በመንገዱ ብቅ ሲሉ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። እሳቸው ግን አልፈው አይሄዱም፤ ቆመው «ልጄ፣ ደህና ነህ? ከሳህ እኮ» ይሉታል። እንደዚያ ባሉት ቁጥር ይብስበታል።

በመጨረሻ አላስችል ሲለው ጣውላውን አንኳኳ። «ማስተር፣ ና እስቲ።» ሄድኩ፤ ነገረኝ። ያን ጊዜ ደሜ ነው የፈላው።

«አንተ!» አልኩት። «ያንን ሁሉ ፊልም ከምታከማች አንዱን ብታጠፋ እጅህ ይቆረጥ ነበር? ሻጩ ሲለምንህ...»

«ተወው ማስተር፣ እሱን ለራሴ ብያለሁ። ቀን ከሌት ነው የምለው።»

«እና ለምን አትነግራቸውም?»

«ልነግራቸው አፌን ስከፍት ይመርቁኛል። ምን ላድርግ?»

«ዓሣውንስ? እኔን ነው ያበላኸኝ እኮ!»

«በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነው።»

ላጽናናው አልፈለግሁም፤ አንጀቴ ግን ራራለት። ከካርድ ላይ የጠፋን ነገር የሚመልስ ባለሙያ ዳርባንጋ ውስጥ እንዳለ ሰምቷል። ለባድሪ ካካ ካርዷ ቫይረስ ሳይኖርባት አይቀርም፣ ላጽዳልዎት አላቸውና ተቀበላቸው። አሁንም ሌላ ውሸት። እኔም ክርና ገበር የምገዛው ነገር ነበረኝና አብሬው ሄድኩ።

ባለሙያው መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሾባካንት ሥራው ስንት ነው ብሎ አልጠየቀውም። «የጠየቅኸውን እከፍልሃለሁ፣ ብቻ አውጣልኝ» አለው። ይህን ከሾባካንት አፍ እሰማለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ።

«ደንበኛ ፕሮግራም ነው ያለኝ፣ የተከፈለበት» አለ ሰውየው ካርዷን እየሰካ። «የጠፋ ነገር ወዲያው ከቦታው አይነሳም። ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ነገሩ እዚያው ተኝቶ ነው የሚቆየው። ሌላ ነገር ካልተኛበት አወጣልሃለሁ። ከጠፋ በኋላ ምንም አልጫንክበትም አይደል?»

ሾባካንት ዞር አለ። እኔን አየኝ።

«ጭነሃል?»

«መዝሙር» አለ ሾባካንት።

«ብዙ?»

«እስኪሞላ።»

ሰውየው ያም ሆኖ ሞከረ። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። የወጣው አንድ የተበላሸ ፎቶና የመዝሙር ፍርፋሪ ነው። ካርዷን መለሰለትና ገንዘቡን ወደ ሾባካንት ገፋው። «ምንም ላልሠራሁበት አልቀበልም» አለ። «ባትነካው ኖሮ ግን በአንዴ ነበር የሚወጣው።»

አውቶቡስ ውስጥ ሾባካንት መስኮቱን እያየ መጣ። ሊመሽ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ስቆርጠው አልጠፋችም ነበር፣ ማስተር። ያጠፋኋት መዝሙሩን ስጭን ነው። ለእሳቸው ደግ ልሁን ብዬ።»  የገዛሁትን ክር ጉልበቴ ላይ አዟዟርኩ።

ተስፋ አልቆረጠም ደግሞ። የሰርጉን ቪዲዮ የቀረጸውን ሰው ፈልጎ አገኘው። እናንተ የእኛን የሰርግ ቪዲዮ ታውቁት የለም? የሰውን ድምፅ ሁሉ አጥፍተው ከዳር እስከ ዳር የፊልም ዘፈን ነው የሚሞሉበት። ሱናይና አፏን ስትከፍት ይታያል፤ የሚሰማው የቦምቤይ ዘፋኝ ነው። ከዚያ መንደር ገብቶ በዕለቱ የዘፈኑትን ሴቶች ለመነ። አንዷ አሮጊት ልትረዳው ብላ ዘፈኑን ጀመረችለትና መሃል ላይ ቆመች። «እሷ መርታ እኛ ነበር የምንቀበላት፣ ልጄ። ከእሷ ወዲህ እዚህ ሰፈር እንደሷ አድርጎ የመራ የለም» አለችው። ምን እንደተናገረች ሲጠይቃቸው የሁሉም መልስ «እያለቀስን ነበር» ነው።

የፀሐዩ በዓል ደረሰ። ሴቶቹ ጾመው ኩሬው ዳር ቆመው ለምትጠልቀውም ለምትወጣውም ፀሐይ መባ አቀረቡ። ቢባም ከሱራት መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቷ ቦታ ቆማ ጾመች። ሾባካንት በበዓሉ ሰሞን ሱቁን ዘግቶ ዴልሂ ልሂድ ብሎ ነበር፤ «ብትሄድ እኔ እነግራቸዋለሁ» ብዬው ነው የቀረው። አስፈራርቼዋለሁ፣ አዎ።

በዓሉ ባለቀ ማግስት ባድሪ ካካና ቢባ አብረው መጡ። ቢባን ጾሙ አክስቷታል፤ በሳህን ላይ ከመባው የተረፈውን ጣፋጭ ብስኩት ይዛለች። ለፀሐይ ቀርቦ የመጣን ነገር በእኛ አገር እምቢ የሚል የለም። ባለጋራህ ቢሰጥህ እንኳ እጅህን ዘርግተህ፣ ግንባርህን አስነክተህ ትበላዋለህ።

«ሾባ ብሃያ፣ እጅህን አምጣ» አለች ቢባ እየሳቀች። «የመጀመሪያው ያንተ ነው ብዬ ማንም ሳይነካው ነው ያመጣሁት። ከዚያ ዛሬ ልንሰማው ነው፤ አባባ ካርዷ ስልኬ ውስጥ አልጫወት አለችኝ ብሏል፣ አንተ ክፈትልን።»

ሾባካንት እጁን አልዘረጋም።

«ምነው?»

«አልችልም፣ ቢባ።»

«ምን አልችልም? ታመሃል?»

«ውሸታም ሆኜ ይህን አልበላም። አውርጂው።» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «የለም። ቀረጻው የለም። ሪንግቶኑን የቆረጥኩ ዕለት ሙሉውን አጠፋሁት። ካካ ሲጠይቁኝ አለ ብዬ ዋሸሁ። ሊመለስ ይችል ነበር፤ እኔው መዝሙር ጭኜበት ያንንም አጠፋሁት። በእጅሽ ካለችው ቁራጭ በቀር የቀረ ነገር የለም።»

የባቡሩ መሻገሪያ አግዳሚ ወርዶ ኖሮ ደጁ በሞተር ሳይክል ተሞልቷል። ጥሩምባው፣ ጩኸቱ ሱቁ ውስጥ ይገባል። ባድሪ ካካ ሱቁ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይሳደባሉ ብዬ ነበር፤ ቢሳደቡ ደስ ባለኝ።

«ዓሣውን ሳመጣልህ ታውቅ ነበር?» አሉት።

«አውቅ ነበር፣ ካካ።»

«ስመርቅህም?»

«ያኔም።»

ሽማግሌው ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑ። 

ቢባ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።  «አንተ ሰምተኸዋል አይደል?» አለችው። «ስትቆርጠው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያውስ ንገረኝ። ምን አለች?»

ሾባካንት ቃል ማሳመር የሚችል ሰው ነው። አፉን ከፈት ሲያደርግ አሁን አንድ የሚያምር ነገር ፈጥሮ ሊነግራት ነው ብዬ ነበር፤ ከልቤ እንዲያደርገውም ፈለግሁ። የእናት ምርቃት፣ የእናት ኑዛዜ ይጠፋዋል? እሱ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀስ እያለ ተናገረ።

«ዘፈኑን አቋረጠችና... ‹በመስኮቱ በኩል አስቀምጧት፣ መኪና ያዞራታል› አለች። ከዚያ ‹ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም፤ ያቺን ማሰሮ እርጎ እግሯ ሥር አድርጉላት። የማታውቃቸው ሰዎች ሲያዩዋት ስለምታፍር ራሷ አትጠይቅም› አለች። እንደሱ ነው ያለችው። ከዚያ ዘፈኑን ቀጠለች።»

ቢባ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ መለየት አቃተኝ።

«እርጎው» አለች። «አማቴ ያስቀመጠችልኝ መስሎኝ ነበር። ዳርባንጋ ሳንደርስ ጨረስኩት። አማቴን አመስግኛታለሁ እኮ! እግሯን ነክቼ!» ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ የእማዬ ነበር።» ባድሪ ካካ ከፎጣው ሥር ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንደገና እንዲላት ጠየቀችው፤ አላት። ደግሞ አስባለችው። በሦስተኛው ላይ አቋረጠችው።

«‹አስቀምጧት› ስትል፣ ማን ብላ ነው? ‹ልጄን አስቀምጧት› ነው ያለችው ወይስ ‹ቢባን›? ስሜን ጠርታዋለች?»

ሾባካንት ዓይኑን ጨፈነ።

«ሾባ ብሃያ?»

«አላውቅም» አላት። «ያኔ የምፈልገው ጥሩምባ የሌለበትን ቦታ ነበር።»

ቆማ ጠበቀችው። ቁጣ ይመጣል ብዬ ፊቷን ሳይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። ከሳህኑ ላይ አንዱን ብስኩት አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት፤ ጣቱን ራሷ አጠፈችለት። «ብላ» አለችው። «አሁን እኮ አልዋሸህም። ስታስታውስ ደውልልኝ።» አባቷን ደግፋ አስነስታ ይዛቸው ሄደች። የባቡሩ አግዳሚ ተነስቶ ነበርና በሰው መሃል ተሻገሩ።

ቢባ ሱራት ተመልሳለች። ባድሪ ካካም ዛሬ በሱቃችን ፊት ሲያልፉ ለሁለታችንም ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ወደ ሱቁ ግን አይገቡም። አንድ ቀን ሾባካንትን «እንግዲህ አንዲት ቃል ናት፤ ስምሽን ጠርታለች ብለህ ደውለህ አትገላገልም?» ብዬው ነበር።  ገበያ ቀዝቀዝ ሲል በጣውላው በኩል አየዋለሁ፤ ኢርፎኑን ሰክቶ፣ ምንም ሳይከፍት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። እስካሁን አልደወለላትም።